የዶሮ መኖና የባሕር ዓሣ፦ ለዓመታዊ ጉባኤያችን የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ከመንዝ፣ ከአንኮበርና ከጣርማ በር በዚህ ብርድ ማልዳችሁ ደብረ ብርሃን ለደረሳችሁት ደግሞ ምስጋናዬ ይለያል።

የዶሮ አርቢዎች ሊቀመንበር ስለ ባሕር ሊያወራ ነው ብላችሁ አትሳቁብኝ። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጠን ባሕሩ ምናችን ነው? ግን አጀንዳችን ላይ «በጋራ በምናስፈጨው መኖ የዓሣ ዱቄት ይጨመር» የሚል ጥያቄ አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የኑግ ፋጉሎ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ የዓሣ ዱቄት ደግሞ እሱን ይሞላል።

ዱቄቱ ከየት ይመጣል? በዓለም ገበያ ትልቁ ምንጭ የፔሩ አንቾቪ ነው፤ ሳርዲንን የምታክል ትንሽ ዓሣ። አንድ ኪሎ ዱቄት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዓሣ ይፈጃል። አንቾቪ ፕላንክተን የሚባሉትን ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ይበላል። እሱን ደግሞ ትልልቅ ዓሦች፣ የባሕር አንበሶችና ወፎች ይበሉታል። ፔሩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማዳበሪያ ብላ ለዓለም የሸጠችው የእነዚህን ወፎች ኩስ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1970 ፔሩ 12 ሚሊዮን ቶን ያህል አንቾቪ አጠመደች። በ1972 ኤል ኒኞ የሚባለው በየጥቂት ዓመቱ የሚመላለስ የባሕር ሙቀት መጥቶ ውሃው ሞቀ። አስቀድሞም ከልክ በላይ ተጠምዶ ነበርና፣ በ1973 የተገኘው 2 ሚሊዮን ቶን ገደማ ብቻ ሆነ። ወፎቹም በረሃብ አለቁ። መኖ አምራቾች ወደ አኩሪ አተር ዞሩ፣ ዋጋው ተሰቀለ፣ አሜሪካም ለጊዜው ኤክስፖርት እስከ ማገድ ደረሰች። ባሕሩ ሲጎዳ የዶሮ አርቢው ኪስም አብሮ ይጎዳል ማለት ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በአጥማጁ ላይ መጫን ግን ፍትሕ አይደለም። እነዚህ ትንንሽ ዓሦች መረብ ባይነካቸውም አንዴ ይበዛሉ፣ አንዴ ይመናመናሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት የዓሣው ብዛት ከታየው ከፍተኛ መጠን ከሲሶ በታች ሲወርድ ወፎች ጫጩት ማሳደግ እንደሚያቅታቸው አሳየ። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ አዳኞቹ ብዙ ጊዜ የሚበሉት መረቡ ከሚፈልገው በቁመት ያነሰውን ዓሣ ነው፣ ስለዚህ ሽሚያው ያን ያህል አይደለም ብለው ተከራከሩ።

እኔን ያሳመነኝ ግን ዓሣው የሚጠመድበት ቦታ ነገር ነው። ፔንግዊን የሚባለው የባሕር ወፍ መብረር አይችልም፤ ጫጩት ሲኖረው ደግሞ ርቆ አይሄድም። ሩቅ ያለ ዓሣ ምን ያደርግለታል? ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2025 በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት፣ በ6 የፔንግዊን መራቢያዎች ዙሪያ ሳርዲንና አንቾቪ ማጥመድ ለ10 ዓመት ተከልክሏል። መንዞች ይሄ አይጠፋችሁም፤ በጋራ የምትጠብቁት የጓሳ መሬትም ሣሩ በየጊዜው ሲዘጋ ነው አይጡም ቀይ ቀበሮውም የሚተርፈው።

ስለዚህ የሥራ አመራሩ ሐሳብ እንዲህ ነው። ኑግ ፋጉሎና አኩሪ አተር ይቀጥሉ፤ ላይሲኑ ለብቻው ተገዝቶ ይጨመር። የዓሣ ዱቄት የግድ ካላችሁ ከዝዋይና ከሐዋሳ ትርፍራፊ፣ ማለትም ከጭንቅላቱና ከአጥንቱ የተሠራ ይሁን። ትርፍራፊውን የለመዱት የሐዋሳ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ይቀየሙን ይሆናል፤ ምን ይደረግ! በደንብ ያልተቀቀለና ያልደረቀ ከሆነ ግን ሳልሞኔላ የሚባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ይዞ ይመጣልና አንቀበልም።

የዋጋውን ንጽጽር ሒሳብ ሹማችን ከሪፖርቱ ቀጥሎ ያቀርባሉ፤ ድምፅ የምንሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ጉባኤው ተከፍቷል።