ለምኒልክ ውል ይዞ የመጣው እንግሊዛዊ፦ ሎርድ ሬነል ሮድ

[ምስል፦ የድሮዋ አዲስ አበባ፣ የግቢው ኮረብታ]

ጊዜው 1897 ነው፣ ሚያዝያ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። በዚህ ቪዲዮ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አንድ የእንግሊዝ ልዑክ ከዘይላ ተነስቶ፣ በሐረር በኩል አልፎ አዲስ አበባ ደረሰ። ከአድዋ ድል በኋላ ያለፈው 14 ወር ብቻ ነው። ፈረንሳዮችና ሩሲያውያን በምኒልክ ግቢ ውስጥ ወዳጅ አበጅተዋል። እንግሊዝ ዘግይታ ነው የመጣችው።

የልዑኩ መሪ ጄምስ ሬነል ሮድ ይባላል። ገና የ38 ዓመት ሰው ነው።

ሮድ በ1858 ለንደን ተወለደ። አያቱ አድሚራል ነበሩ። ቅድመ አያቱ ጄምስ ሬነል ደግሞ የቤንጋልን ካርታ በመሥራት ስማቸው የገነነ ጂኦግራፈር ናቸው። ልጁ ግን ልቡ ግጥም ላይ ነበር። ኦክስፎርድ ሲማር በ1880 የዩኒቨርሲቲውን የግጥም ሽልማት ወሰደ። እዚያው ከኦስካር ዋይልድ ጋር ተወዳጀ። ዋይልድም የሮድን ግጥሞች በ1882 አሜሪካ ውስጥ አሳተመለት፣ መግቢያውንም ራሱ ጻፈ። ሮድ በነገሩ አልተደሰተም። ወዳጅነታቸው በዚያው ተቋረጠ።

በ1883 ውጭ ጉዳይ ገባ። በርሊን፣ አቴንስ፣ ሮም፣ ፓሪስ፣ ከዚያ ዛንዚባር። በመጨረሻም ካይሮ፣ ግብፅን በተግባር ይገዛ በነበረው የእንግሊዝ ተወካይ በሎርድ ክሮመር ሥር።

[ካርታ፦ ዓባይ ከካርቱም እስከ ካይሮ]

ታዲያ አዲስ አበባ ምን አመጣው? መልሱ ሱዳን ውስጥ ነው። በእንግሊዛዊው ጄኔራል ኪችነር የሚመራው የግብፅ ጦር በ1896 ዶንጎላን ይዞ ወደ ካርቱም ለመውረድ እየተዘጋጀ ነው። ለንደን የፈራችው ምኒልክና በዚያን ጊዜ ሱዳንን የሚገዙት የመሕዲስቶቹ መሪ ኸሊፋ አብዱላሂ እንዳይተባበሩ ነው። በኢትዮጵያ በኩል ጠመንጃ ቢሻገርስ? ሮድ ይህን እንዲያስቆም ተላከ። ከዚያ ሌላ በእንግሊዝ ሥር የነበረችው የሶማሌላንድ ድንበርና የንግድ ጉዳይም ነበረው።

አብረውት የመጡት ሰዎች ማንነት ብዙ ይናገራል። አንዱ ዊንጌት ነው፣ የግብፅ ጦር የስለላ ኃላፊ። ሌላው ሎርድ ኤድዋርድ ሴሲል፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሎርድ ሳሊስበሪ ልጅ። እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ካፒቴን ስፒዲ ነው። ይህ ቁመተ ረጅም ሰው በወጣትነቱ አፄ ቴዎድሮስን አገልግሏል። የአገሬው ሰው «ባሻ ፈለቀ» ይለው ነበር። በ1868 ከናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ ተመለሰ። ልዑል ዓለማየሁንም ይዞ ያሳደገው እሱ ነው። አማርኛ ያውቃል። ከ29 ዓመት በኋላ፣ ሽማግሌ ሆኖ፣ አሁን ምኒልክ ፊት ቀረበ።

ውሉ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ተጽፎ ግንቦት ውስጥ፣ በ14ኛው ቀን ተፈረመ። ምኒልክ መሕዲስቶቹ የመንግሥታቸው ጠላት መሆናቸውን ገለጹ፣ በግዛታቸው በኩል መሣሪያ እንዳያልፍላቸውም ቃል ገቡ። ሮድ የመጣበትን አገኘ ማለት ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ምኒልክ በዚያው ሰሞን ከኸሊፋው ጋር መልእክተኛ ይለዋወጡ ነበር። በመጋቢትም ከፈረንሳይ ጋር ስለ ነጭ ዓባይ ተስማምተዋል። ሁሉንም በየፊናው ይዘው፣ ለማንም ሙሉ በሙሉ እጅ አልሰጡም። በእኔ እምነት ከዚያ ድርድር የተሻለውን ይዘው የወጡት እሳቸው ናቸው።

የምዕራቡ ድንበር ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። የሶማሌላንዱ ድንበር ጉዳይ ደግሞ ሐረር ላይ በንግግር እንዲቋጭ ተወሰነ፣ በሮድና በራስ መኮንን መካከል። ሁለቱ ሰኔ መግቢያ ላይ ደብዳቤ ተለዋወጡ። መስመሩም ተሰመረ።

[ካርታ፦ ሐውድ]

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሐውድ የሚባለው ሰፊ ሜዳ ቋሚ ውሃ የለውም። ዝናብ ሲጥል ግን ሳር ይለብሳል። ያን ጊዜ የሶማሌ አርብቶ አደር ግመሉን ነድቶ ከሰሜን ይመጣል፣ ሲደርቅ ወደ ጉድጓዶቹ ይመለሳል። አዲሱ መስመር ይህን መንገድ ለሁለት ቆረጠው። ብዙው የግጦሽ መሬት ወደ ኢትዮጵያ ሆነ። እንግሊዝ ከእነዚሁ ጎሳዎች ጋር በ1880ዎቹ የጥበቃ ውል ፈርማ ነበር። የ1897ቱ ውል ሲፈረም ግን አንድም የሶማሌ ሽማግሌ አልተጠየቀም። ከወዲህም ከወዲያም ያሉት ጎሳዎች በግጦሹና በውሃው እንዲጠቀሙ የሚል አንቀጽ ተጨምሯል። ሮድ ይህን ማስገባቱ ጥሩ ነው። ሰዎቹን ሳይጠይቁ መፈረም ግን በደል ነው፣ በዚያ ዘመን የተለመደ መሆኑም ቀላል አያደርገውም።

የሮድ ኑሮ ከዚያ በኋላ ወደ ላይ ነው የሄደው። ስቶክሆልም ሠራ። ከ1908 እስከ 1919 ሮም አምባሳደር ሆነ። ጣሊያን በ1915 ከእንግሊዝ ጎን ተሰልፋ ወደ ጦርነቱ ስትገባ እዚያው ነበር። በመንግሥታት ማኅበር አገሩን ወከለ፣ ፓርላማም ገባ። ባሮን ሬነል የሚለውን ማዕረግ ያገኘው በ1933 ነው፣ ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ። በሐምሌ 1941 ሞተ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ ከተመለሱ ገና ሦስተኛ ወራቸው ነበር።

[የድሮ ጋዜጣ ምስል፦ ለንደን፣ 1955]

ያ ውል ግን ከሮድ በኋላም ቆየ። ከጣሊያን ጦርነት በኋላ ሐውድ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ነበር። ኢትዮጵያ መሬቱን ስትጠይቅ ያቀረበችው የ1897ቱን ውል ነው። በኅዳር 1954 ሁለቱ መንግሥታት ተስማሙ፣ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያም መሬቱ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። የሶማሌላንድ ሰዎች ተወካዮቻቸውን ለንደን ድረስ ልከው አቤት አሉ። የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ አለን ሌኖክስ-ቦይድ በፓርላማ ቆሞ የሰጠው መልስ፣ በዚያ ውል እንደሚያዝንና መሻር ግን እንደማይቻል ነበር።