ባለ መቶ የኗ ሳንቲም

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ የማወራውም ስለ አርኬድ ነው። አርኬድ ስል እንደ ቁም ሳጥን የቆመውን፣ ሆዱ ውስጥ ቦርድና ስክሪን ያለውን፣ ሳንቲም ካልጎረሰ የማይነቃውን የጨዋታ ማሽን ማለቴ ነው፤ ማሽኖቹ ተደርድረው የሚቆሙበትን ቤትም እንዲሁ። እኛ አገር ብዙ ሰው የሚያውቀው ጆተኒንና ፕሌይስቴሽን ቤትን ነው። አርኬድ በዋናነት የጃፓንና የአሜሪካ ነገር ነበር፣ ስለዚህ እዚያው ነው የምቆየው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራቸዋለሁ።

አርኬድ በተነሳ ቁጥር የሚባል ነገር አለ፦ ኮንሶል፣ ማለትም እንደ ፕሌይስቴሽን ያለው የቤት ማጫወቻ፣ ቤት ገባ፤ አርኬድ ተዘጋ። ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው። የቀረው ግማሽ ያለው ሳንቲሟ ላይ ነው። እስቲ ከእሷ እንጀምር።

የጃፓኗ ባለ መቶ የን ስፋቷ 22.6 ሚሊሜትር፣ ክብደቷ 4.8 ግራም ነው፤ መዳብና ኒኬል ተቀላቅሎ የተሠራች ናት። ማሽኑ ይህን ሁሉ ያለ ኮምፒውተር ያጣራል። ሳንቲሟ በቀዳዳው ስትገባ መጀመሪያ የምታርፈው አንዲት ትንሽ ሚዛን ላይ ነው። ሚዛኗ በሌላ ጫፏ ክብደት ታስሮባታል። ሳንቲሟ በቂ ክብደት ካላት ሚዛኗን አዘንብላ ታልፋለች፤ ከቀለለች እዚያው ተቀምጣ ትቀርና የመመለሻው ቁልፍ ሲጫን ትወድቃለች። ቀጥሎ ማግኔት አለ። የገባው ነገር ተራ ብረት ከሆነ ማግኔቱ ይዞ ያስቀረዋል። እውነተኛዋን ሳንቲም ማግኔት አይዛትም፣ ግን በፊቱ ስትንከባለል ውስጧ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ፍጥነቷን በትንሹ ይገታዋል። ከማግኔቱ በልኩ ፍጥነት ከወጣች ወደ ትክክለኛው መውረጃ ትገባለች፤ ከፈጠነች ወይም ከዘገየች ተመላሽ ትሆናለች።

ፈተናውን ካለፈች በኋላ፣ ማይክሮስዊች ከምትባል ትንሽ ማብሪያ ላይ የወጣች እንደ ክር የቀጠነች ሽቦ ገፍታ ወደ ሣጥኑ ትወርዳለች። ሽቦዋ ለቅጽበት ስትጫን ቦርዱ አንድ ጨዋታ ይቆጥራል። «ማሽኑ ገንዘቤን በላው» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ እዚህች ጋ ነው። ሽቦዋ በትንሹ ከተጣመመች ሳንቲሙ ሳይነካት ያልፋል፤ ገንዘቡ ገባ፣ ጨዋታው አልመጣም። ማሽኑን በቡጢ መደብደብ ሽቦዋን ይበልጥ ያጣምማታል። መድኃኒቱ በሩን ከፍቶ በሁለት ጣት ማቅናት ነው።

አሁን ወደ ባለቤቱ እንምጣ። የአርኬድ ባለቤት የሚሸጠው ደቂቃ ነው። አንድ ሳንቲም በአማካይ ሦስት ደቂቃ ገደማ ካቆየ ቤቱ ይሠራል፤ አሥር ደቂቃ ካቆየ ከኋላ የቆመው ሰው ተሰላችቶ ይሄዳል። ለዚህ ነው ቦርዱ ላይ ጥፍር የሚያክሉ፣ ስምንት ስምንት ሆነው የተደረደሩ ዲፕ ስዊች የሚባሉ ማብሪያ ማጥፊያዎች ያሉት። ፓክማን የተባለውን ጨዋታ ብንወስድ፣ ባለቤቱ ለተጫዋቹ 1፣ 2፣ 3 ወይም 5 ነፍስ መስጠት ይችላል። ተጨማሪ ነፍስ በ10,000፣ በ15,000 ወይም በ20,000 ነጥብ እንዲመጣ፣ ወይም ጭራሽ እንዳይመጣ ማድረግም ይችላል። ሁለት ቤት ሄዶ አንዱ «ይከብዳል» ያለ ተጫዋች አልተሳሳተም፤ እውነትም ከብዶ ነበር።

ታይቶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1978 ባወጣው ስፔስ ኢንቬደርስ በተባለው ጨዋታ ላይ ደግሞ ጊዜውን የሚያሳጥረው የማሽኑ ድካም ራሱ ነው። ጠላቶቹ ሲበዙ ፕሮሰሰሩ ሁሉንም ለመሳል ይዘገያል፤ ሲያልቁ ሥራው ይቀልለትና የቀሩት ይፈጥናሉ። የጨዋታው ሠሪ ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ይህን እንደ ስህተት አላረመውም፣ እንዳለ ተወው። ልብ የሚያስመታው የመጨረሻው ጠላት ሩጫ የመጣው ከዚያ ነው። ለእኔ በዚህ ሙያ ውስጥ ካሉት ውሳኔዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

ወደ ሳንቲሟ ልመለስ። መቶ የን የአንድ ጨዋታ ዋጋ ሆና ጸናች። ከዚያ ጃፓን በሚያዝያ 1989 የፍጆታ ግብር አስገባች፣ እኛ ቫት የምንለውን ዓይነት። መጀመሪያ 3 በመቶ ነበር፤ በ1997 5፣ በ2014 8፣ በጥቅምት 2019 ደግሞ 10 በመቶ ሆነ። ዳቦ ሻጭ ግብር ሲጨምር ዋጋውን በሦስት የን ከፍ ያደርጋል። አርኬድ ግን ቀዳዳው የሚቀበለው አንድ ሳንቲም ነው። መቶ ሦስት የን የሚባል ሳንቲም የለም። ቀጣዩ ደረጃ ሁለት መቶ ነው፣ ሁለት መቶ ማለት ደግሞ እጥፍ ነው፤ ተጫዋቹ ዞሮ ይወጣል። ስለዚህ ግብሩ በሙሉ የወጣው ከባለቤቱ ድርሻ ነው። በ3 በመቶ ጊዜ ከመቶ የኑ 97 ያህል ይቀርለት ነበር፤ በ10 በመቶ 90.9። ከዚያች 90.9 ላይ ኪራይ አለ፣ መብራት አለ፣ ሠራተኛ አለ። በኢንተርኔት የተያያዙት አዳዲስ ጨዋታዎች ከመጡ ወዲህ ደግሞ አምራቹም በእያንዳንዱ ጨዋታ ድርሻውን ይወስዳል።

አሜሪካም መልኩ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። በ1982 የአንድ ጨዋታ ዋጋ ባለ 25 ሳንቲሟ ነበረች። በዚያን ጊዜ 25 ሳንቲም የሚገዛውን ዛሬ ለመግዛት ከ75 ሳንቲም በላይ ይጠይቃል፣ ማሽኑ ላይ ያለው ቀዳዳ ግን ያው የ25 ሳንቲም ቀዳዳ ነው።

ኮንሶሉ የመጣው በዚህ ላይ ነው። እዚህ ላይ እኛም የምናውቀው ስም አለ፦ ቴከን። የጃፓኑ ኩባንያ ናምኮ የመጀመሪያውን ቴከን በ1994 አርኬድ ላይ ሲያወጣ የተጠቀመበት ቦርድ በፕሌይስቴሽን አካላት ላይ የተመሠረተ ነበር። ማለትም በሳንቲም የሚሠራው ማሽንና ሳሎን የሚቀመጠው ማሽን የአንድ ቤት ልጆች ነበሩ። በአዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤቶች የተለመደው ቴከን 3 በ1997 አርኬድ ላይ ወጣ፣ በዓመቱ ሳሎን ገባ። ከዚያ በፊት ለአርኬድ የሚኬደው ቤት ውስጥ የማይገኝ ነገር ስላለ ነበር።

ያም ሆኖ ቤት ያልገባ ነገር ነበር፤ ሰው። በ1991 ስትሪት ፋይተር ሁለት ሲወጣ አሜሪካኖቹ ተራቸውን የሚይዙት ሳንቲማቸውን ስክሪኑ ሥር ባለው ጠርዝ ላይ ደርድረው ነበር። ያሸነፈ ይቀጥላል፣ የተሸነፈ ይወጣል፤ ቀጣዩ የጠርዙን ሳንቲም ያነሳል። በጃፓን ደግሞ ሁለት ማሽን ጀርባ ለጀርባ ይገጠማል፤ የሚመታህን ሰው ፊቱን ሳታይ ትጫወታለህ።

በጃፓን ፖሊስ ቆጠራ በ1986 ከ26,000 በላይ ጌም ቤቶች ነበሩ፤ በ2019 ወደ 4,000 ግድም ወረዱ። ቀጥሎ ኮሮና መጣ። የጨዋታ ኩባንያው ሴጋ በ2020 ማብቂያ ከአርኬድ ድርጅቱ 85.1 በመቶውን ጌንዳ ለተባለ ኩባንያ ሸጠ፣ የቀረውን በጥር 2022 ሰጠ፤ የሴጋ ስም ከሕንፃዎቹ ላይ ወርዶ ጊጎ ተባሉ። ዛሬ ብዙዎቹን ቤቶች የሚያኖራቸው አሻንጉሊት የሚያነሳው ክሬን ነው። ኢሊኖይ፣ ብሩክፊልድ ውስጥ ያለው ጋሎፒንግ ጎስት ደግሞ ሳንቲሟን ጨርሶ ትቷታል፤ በር ላይ አንዴ ይከፈላል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ መጫወት ነው። መፍትሔው ብልህ ነው፣ ማሽኖቹንም አድኗል። ግን ሳንቲም ያልገባበት ጨዋታ ላይ ሦስቱ ነፍሶች ክብደት ያጣሉ፤ ይህን መካድ አልችልም።

ማሽን ያላችሁ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የሚያረጀው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ፓወር ሰፕላዩ፣ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ክፍል ነው። ቦርዱ 5 ቮልት ይፈልጋል። መለካት ያለበት ቦርዱ ላይ ነው፣ ሰፕላዩ ጋ አይደለም፤ መሃል ያለው ሽቦ የተወሰነውን ይበላል። ከ4.8 በታች ከወረደ ጨዋታው መሃል ላይ ራሱን ያስጀምራል፤ ከ5.25 በላይ ካለፈ ቺፖቹ አደጋ ላይ ናቸው። ካፕኮም የተባለው ኩባንያ የሠራቸው ሲፒኤስ ሁለት የሚባሉ ቦርዶች ደግሞ 3.6 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ የጨዋታውን ምስጢር የሚፈታው ኮድ የሚኖረው በባትሪው ነው። ባትሪው ሲሞት ኮዱ ይጠፋል፣ ስክሪኑ ላይ አንድ ወጥ ቀለም ብቻ ይቀራል። ብዙ ቦርድ እንዲህ ሆኖ ተጥሏል። አሁን ኮዱን መልሶ መጫን ይቻላል፣ ስለዚህ የሞተ ቦርድ ካያችሁ አትጣሉት።

ከባዱ ስክሪኑ ነው፤ ያ ጀርባው የተነፋ የድሮ ቴሌቪዥን ቱቦ። ምስሉ ከዳር ከዳር ከተጨማደደ ወይም ሲሞቅ ከተንቀጠቀጠ ካፓሲተሮቹ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ አካላት፣ ደርቀዋል። መቀየር ይቻላል፦ ያው ማይክሮፋራድ፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ 105 ዲግሪ የሚችል፣ ፕላስና ማይነሱ ሳይገለባበጥ። ከዚያ በፊት ግን ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉና ቱቦው ላይ በላስቲክ ከተሸፈነው ቦታ ኤሌክትሪኩን አፍስሱት። ከ20,000 ቮልት በላይ ሊኖረው ይችላል፣ ተነቅሎም ይቆያል። እጀታው የማያስተላልፍ ጠፍጣፋ ካቻቪት በሽቦ ከስክሪኑ የብረት ፍሬም ጋር ታስሮ፣ ጫፉን ከላስቲኩ ሥር ማስገባት ነው፤ ሌላው እጅ ከጀርባ ይሁን። ደጋግሙት። ማድረግ ካልቻላችሁ አትንኩት።

በፍላት ስክሪን ቀይሩት የሚል ሰው አይጠፋም። ቱቦው ምስሉን እንደደረሰው ይስላል፤ ፍላቱ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ፍሬም፣ ማለትም አንድ ሁለት ምስል ያህል፣ ያዘገያል፣ አንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። እንደ ቴከን ባለ የድብድብ ጨዋታ ያ ልዩነት እጅ ላይ ይታወቃል። የቱቦውን ጨረር እያነበበ የሚሠራ የተኩስ ሽጉጥ ደግሞ ፍላት ላይ ጭራሽ አይሠራም።

የቆየ የፓክማን ማሽን ካገኛችሁ ሳታበሩት ፊት ለፊት ቁሙና አምፖል አስጠጉለት። ለዓመታት አንድ ቦታ ላይ ሲበራ የኖረው ሰማያዊ ግድግዳ የመስታወቱን ሽፋን አቃጥሎት፣ መተላለፊያዎቹ ከነማዕዘናቸው፣ መሃል ያለችው የመናፍስቱ ክፍል ሳትቀር፣ ግራጫ ሆነው ይታያሉ። ያንን ቱቦ ሌላ ጨዋታ ብትጭኑበትም ከጥቁሩ ሰማይ ጀርባ ግድግዳው እዚያው ነው።