ምን ልመልስለት?
የአድማጮች ጥያቄና መልስ

አድማጭ (አንዲት እናት፣ ከደብረ ብርሃን)፦ መምህር፣ ሰው ውለታ ሲውልልኝ «ብድር መላሽ ያድርገኝ» እላለሁ፤ ዛሬ ባይሆንልኝ ነገ እመልሳለሁ። ጌታ ግን ነፍሱን ነው የሰጠኝ። ይህን በምን እመልሰዋለሁ? ጾሜም ጸሎቴም ከዚያ ጋር ሲተያይ ከንቱ ይመስለኛል፤ እየጨነቀኝ ነው።

መልስ፦ እናቴ፣ ይህ የሚወድ ሰው ጭንቀት ነው። ዳዊትም ተጨንቆበታል። በ115ኛው መዝሙር (በሌላው አቆጣጠር 116ኛው) «ስላደረገልኝ ሁሉ ለእግዚአብሔር ምንን እመልሳለሁ?» ይላል። ቀጥሎ ያለውን ልብ ብለው ይስሙኝ፦ «የመድኃኒትን ጽዋ እቀበላለሁ»። ምን ልስጥ ብሎ ጠየቀ፣ እቀበላለሁ ብሎ መለሰ! እኔ ራሴ ዳዊት ስደግም ይህችን ቃል ስንት ዓመት ዝም ብዬ አልፌያታለሁ።

ብድር የሚመለሰው ለጎደለበት ነው። ለእርሱ ምን ጎድሎበት? ደግሞም የሰጠን ደጎች ሆነን አግኝቶን አይደለም። ጳውሎስ በሮሜ 5፥8 «ገና ኃጢአተኞች ሳለን ክርስቶስ ስለ እኛ ሞቶአል» ይላል። በቅዳሴ ማርያም «ፍቅር ሰሐቦ ለወልድ ኃያል እመንበሩ ወአብጽሖ እስከ ለሞት» ሲባል ሰምተዋል። ኃያል ወልድን ከዙፋኑ ስቦ እስከ ሞት ያደረሰው ፍቅር ነው፤ የእርስዎም የእኔም ጾም አይደለም።

ዮሐንስ 3፥16 ላይ «ዓለሙን እንዲሁ ወዶአልና» የሚለው በግእዙ «ከመዝ አፍቀሮ» ነው፤ እንደዚህ አድርጎ ወደደው ማለት ነው። በአማርኛችን «እንዲሁ» ሲባል ግን «በነጻ» የሚለውም አብሮ ጆሯችን ውስጥ ይገባል። የጥቅሱ ቀጥተኛ ፍች የመጀመሪያው ቢሆንም ሁለተኛውም ከትምህርቱ አይወጣም፤ በሮሜ 3፥24 «እንዲያው በጸጋው» ተብሎ በግልጥ ተጽፏልና።

ታዲያ ጾሙ ለምን? ልጅዎን ሲጠሩት «አቤት» ይልዎታል አይደል? «አቤት» ማለቱ ያሳደጉበትን አይከፍልም፤ ዝም ቢልዎት ግን ያዝናሉ። ጾምዎም ስግደትዎም «አቤት» ነው። «እርሱ አስቀድሞ ወዶናልና እኛ እንወዳለን» ያለው ዮሐንስ ይህንኑ ነው። ሥጋ ወደሙን መቀበልም ያው የዳዊት ጽዋ ነው። እናቴ፣ ብቁ አይደለሁም ብለው ርቀው ከሆነ ንስሐ አባትዎን ያማክሩና ይቅረቡ፤ ይህን አደራ እልዎታለሁ።

አድማጭ (ወጣት፣ ከሐዋሳ)፦ ፊልጵስዩስ 2፥7 «ራሱን ባዶ አደረገ» ይላል። ሰው ሲሆን አምላክነቱን ትቶ ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። ያልነበረውን ሆነ፣ የነበረውን አልተወም። ጳውሎስ ራሱ እንዴት ባዶ እንዳደረገ ሲነግርህ «የባሪያን መልክ ይዞ» ይላል፤ የያዘውን እንጂ የጣለውን አልነገረህም።

ዮሐንስ 13ን አውጣና አንብብ። አብ ሁሉን በእጁ እንደ ሰጠው፣ ከእግዚአብሔር እንደ ወጣ ወደ እግዚአብሔርም እንደሚሄድ አውቆ ከእራት ተነሣ፤ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። «አውቆ» የምትለዋን ያዛት። ሁሉ በእጁ ነው፣ በዚያው እጅ እግር ያጥባል። በአገራችን እግር የሚያጥበው ታናሽ ነው፤ ልጅ የአባቱን፣ ባለቤት የእንግዳውን። ስለዚህ የጴጥሮስ ድንጋጤ ለእኛ ቶሎ ይገባናል። ጌታ ግን «ካላጠብሁህ፥ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም» አለው። ያን ጊዜ ይሁዳም ገና ከማዕዱ አልወጣም ነበር፤ አሳልፎ የሚሰጠው ማን እንደ ሆነ ያውቃል፣ ግን እያወቀ አጠበ። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ በወይራና በወይን ቅጠል እግርህን ሲያጥብህ እፍረት ከተሰማህ አትሽሽ፤ ጴጥሮስንም የተሰማው እሱ ነው።

አድማጭ (ከአዲስ አበባ)፦ በነጻ ከሰጠ እንዳሻን ብንኖር ምን አለበት?

መልስ፦ ይህ በጳውሎስም ዘመን ተነሥቷል፤ መልሱ ሮሜ 6 ላይ ነው፦ «አይደለም»። የምትወድህ ሚስትህን ይቅር ትለኛለች ብለህ ታቆስላታለህ?

አድማጭ (እኅታችን፣ ከሪያድ)፦ ለአጥቢያዬ ቤተ ክርስቲያን ጥላ ተስያለሁ። አሠሪዎቼ ግን ሰባት ወር ደመወዝ አልከፈሉኝም። ስለቴን ባለማግባቴ እግዚአብሔር ይጠላኛል እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ አይጠላሽም፤ እኅቴ። ስለት ቀላል ነገር ነው አልልሽም፣ የተሳሉት ይገባል። ቢሆንም እምቢ ማለትና ማጣት አንድ አይደሉም። ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ላሉት ድኾች ገንዘብ ሲያሰባስብ ለቆሮንቶስ ሰዎች በ2ኛው መልእክቱ ምዕራፍ 8 የጻፈውን ልንገርሽ። መጀመሪያ ጌታ ባለጠጋ ሲሆን ስለ እናንተ ድሀ ሆነ ይላል። ወዲያው ደግሞ በጎ ፈቃድ ካለ ስጦታ የሚወደደው «እንዳለው መጠን» ነው እንጂ «እንደሌለው መጠን አይደለም» ይላል። ድሀ የሆነልሽ ጌታ ያጣሽውን አይጠይቅሽም። የድኻዋን መበለት ሁለት ሳንቲም ከሁሉ አብልጦ የቆጠረም እርሱ ነው።

የተያዘ ደመወዝሽ ደግሞ ወደ ሰማይ ይጮኻል፤ ያዕቆብ በ5፥4 ይህንን ነው የሚለው። ስለዚህ ከእግዚአብሔር ጋር የተጣላሽ አንቺ አይደለሽም፤ ደመወዝሽን የያዙብሽ ናቸው። ገንዘብሽን ስትጠይቂም አትፈሪ፣ መብትሽ ነው።

ለንስሐ አባትሽ በስልክ ንገሪያቸው፤ ስለትሽን እንዴት እንደምታዘገዪው እሳቸው ይመክሩሻል። ስልካቸው አልነሣ ካለሽ ቁጥርሽን ለአዘጋጆቹ ተዪ፤ ዛሬ ማታ እኔ ራሴ እደውልልሻለሁ።