ተንከባካቢዋን ማን ይንከባከባት?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ የአንዲት የፍልስፍና መምህርት ሐሳብ አለ፤ እሱን ላጫውታችሁ ነው።

ኢቫ ፌደር ኪቴይ ይባላሉ። ኒውዮርክ ግዛት ባለው ስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ፍልስፍና አስተምረዋል። ከባድ የአእምሮ ጉዳት ያለባት ልጅ አለቻቸው፤ ለመብላትም ለመልበስም ሰው ያስፈልጋታል። ፍልስፍናቸው ከዚያ ቤት ጋር የተያያዘ ነው።

አሜሪካዊውን ፈላስፋ ጆን ሮልስን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ፍትሕ የሚደረገውን ክርክር የቀየረ ሰው ነው። እሱ የሚነሣው ዕድሜ ልካቸውን ሠርተው፣ ሰጥተውና ተቀብለው ከሚኖሩ ዜጎች ነው። ኪቴይ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት መጽሐፍ ይህንን መነሻ ይሞግታሉ። ሁላችንም ሕፃን ነበርን፤ እንታመማለን፤ እናረጃለን። በዚያ ጊዜ ሁሉ የሚይዘን ሰው አለ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሴት ናት። የሌላውን ችግር ከራሷ ስለምታስቀድም፣ ነፃ ሆኖ ከሚወዳደረው ጋር እኩል ልትሰለፍ አትችልም። ስለዚህ ሴቶች ቢሮ ስለገቡ ብቻ እኩልነት መጣ አይባልም፤ የቤቱ ሥራ ወደ ሌላ፣ ወደ ደሃይቱ ሴት ተላልፎ ሊሆን ይችላል። ኪቴይ ራሳቸው ልጃቸውን ከተቀጠረች ሴት ጋር ተጋግዘው እንዳሳደጉ በግልጽ ጽፈዋል። ይሄ ግልጽነታቸው በጣም ያስከብራቸዋል።

ምን ይደረግ ሲሉ ምሳሌ የሚያደርጉት አራስን ነው። እናት ሕፃኑን ትይዛለች፤ እናቲቱን ደግሞ ሌላ ሰው ይይዛታል። ለእኛ ይሄ አዲስ አይደለም። እናቴ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ ሜሪላንድ ስትመጣ ሕፃኑን ብዙም አልያዘችም። እኔን ነው የያዘችኝ፤ አጥሚቱን፣ ገንፎውን፣ «አንቺ ተኚ» ማለቱን። ኪቴይ ይህ ግዴታ ከዘመድ አልፎ የማኅበረሰብና የመንግሥት ይሁን ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣውን የአሜሪካ የቤተሰብ ፈቃድ ሕግም የሚተቹት በዚሁ መለኪያ ነው፦ 12 ሳምንት ይሰጣል፣ ግን ያለ ደሞዝ፤ ሠራተኞቻቸው ከ50 በታች የሆኑ የግል ድርጅቶችም አይገደዱበትም። የቤት ኪራይ ያለባት እናት እንዴት ትውሰደው?

አንዳንዶቻችሁ «የእናት ፍቅር በገንዘብ ይተመናል ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ፍቅሩ አይተመንም። ድካሙን ግን አንድ ሰው ይከፍለዋል፤ ከፋዩን አለመቁጠር ፍቅርን ማክበር አይመስለኝም።

ኪቴይ ልጆቻቸውን አገር ቤት ትተው የሰው ልጅ ለማሳደግ ስለሚሰደዱ ሴቶችም ጽፈዋል። ቤይሩትና ሪያድ ያሉ እህቶቻችን ትዝ አሉኝ፤ የእነሱን ልጅ የያዘችው አያት ናት። ሩቅ ሳንሄድ አገራችንንም እንይ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ 90 የሥራ ቀን ከነደሞዟ ይሰጣል። በግል ቤት የተቀጠረችውን የቤት ሠራተኛ ግን አይሸፍንም፤ የእሷን ጉዳይ ለሌላ ደንብ ይተወዋል። የዚያች ቤት እመቤት ወልዳ አራስ ቤት ስትተኛ፣ ገንፎውን የምታገነፋው እሷው ናት። እሷ ስትወልድስ? ብዙ ጊዜ ሥራዋን ለቅቃ ትሄዳለች። ይሄ በሕግ እንዲስተካከል አጥብቄ እፈልጋለሁ፤ ሠራተኛ ቀጥራችሁ የምትኖሩ አድማጮቼ ሕጉን ሳትጠብቁ መጀመር ትችላላችሁ።