ሠላሳው ቀን ሳያልፍ

በአውሮራ፣ ኮሎራዶ ለሚኖሩ የኢትዮጵያ ተወላጅ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ወጥታችሁ ቤት ሳትደርሱ እዚህ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዛሬ የመጣሁት በካይ ድርጅቶች ፈቃድ ሲያወጡ ነዋሪው አስተያየት ስለሚሰጥበት ሠላሳ ቀን ልነግራችሁ ነው። ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ፖስታ ቤቴ መጣ። እንግሊዝኛው የሕግ ቋንቋ ስለነበር ሁለት መስመር አንብቤ ከማስታወቂያ ወረቀቶች ጋር ጣልኩት። ነገሩን የነገረኝ ቆይቶ ጎረቤቴ ነው፦ በአቅራቢያችን ያለ አንድ ድርጅት የጭስ ፈቃዱን ሊያሳድስ ነበርና ነዋሪው አስተያየት እንዲሰጥ ተጠይቆ ነበር። ይህን ስሰማ ቀኑ አልፏል። የልጄን የአስም መድኃኒት በቦርሳዬ ይዤ የምዞር ሰው ነኝና እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለ አየሩ ጥቂት ልበል። እዚህ የሚያስቸግረን ኦዞን የሚባለው ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ነው። ኦዞን ከጭስ ማውጫ በቀጥታ አይወጣም። ከመኪና፣ ከቦይለርና ከጋዝ ማውጫ ጣቢያ የሚወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ከቤንዚን፣ ከቀለምና ከማቅጠኛ ከሚተነው ጋዝ ጋር ተቀላቅሎ ፀሐይ ሲመታው ይፈጠራል። ለዚህም ነው ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ልጆቻችን ኳስ በሚጫወቱበት ሰዓት የሚብሰው።

በ2022 የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ዴንቨርንና ከሰሜኗ ያለውን የፍሮንት ሬንጅ አካባቢ በኦዞን ብክለት «ከባድ» ወደሚባለው ደረጃ አወረደው። የ2008ቱን መለኪያ፣ ማለትም ከአንድ ቢሊዮን እጅ አየር ውስጥ ኦዞኑ ከ75 እጅ አይብለጥ የሚለውን ወሰን፣ በተሰጠው ጊዜ ማሟላት አልቻልንም ነበር። ደረጃው ሲወርድ ፈቃዱም ጠበቀ። ቀድሞ ትልቅ በካይ ተብሎ «ታይትል ፋይቭ» የተሰኘውን ፈቃድ ማውጣት የሚገደደው ኦዞን ከሚፈጥሩት ጋዞች አንዱን በዓመት 50 ቶን መልቀቅ የሚችል ድርጅት ነበር፤ አሁን ወሰኑ 25 ቶን ነው። ከዚህ በፊት ሕዝብ ፊት ቀርበው የማያውቁ ድርጅቶች ፈቃዳቸው ለአስተያየት ይቀርባል ማለት ነው። በሙቀት ወራት የምንቀዳው ቤንዚን ከ2024 ጀምሮ የተቀየረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ታክሲና ኡበር የምትነዱ ሳታውቁት አትቀሩም።

ጋራዥና የመኪና ቀለም ቤት ያላችሁ ወንድሞቼ፣ ይህ እናንተንም ይነካል። በዚህ አካባቢ ተናኝ ጋዝ በዓመት 1 ቶን የሚደርስ ከሆነ «ኤፔን» የሚባለውን የብክለት ማሳወቂያ ለስቴቱ ማስገባት ግዴታ ነው፤ በየ5 ዓመቱም ይታደሳል። የቀለምና የማቅጠኛ ደረሰኛችሁን አትጣሉ። ስሌቱ የሚሠራው ከእሱ ነው። እባካችሁ ተቆጣጣሪ በር እስኪያንኳኳ አትጠብቁ።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ። የታይትል ፋይቭ ረቂቅ ፈቃድ ቢያንስ ለ30 ቀን ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ከዚያ የፌዴራሉ ኤጀንሲ 45 ቀን ይመረምረዋል። ኤጀንሲው ዝም ካለ፣ ማንም ሰው በ60 ቀን ውስጥ ፈቃዱን ተቃውሞ ለዚሁ ኤጀንሲ አቤቱታ ማስገባት ይችላል። ነገር ግን አቤቱታው በመሠረቱ የሚያርፈው በሠላሳው ቀን ውስጥ በግልጽ በተነሡ ነጥቦች ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ማንም ያላነሣውን ነገር በኋላ ማንሣት በጣም ይከብዳል፤ ፈቃዱ ደግሞ ለ5 ዓመት ይጸናል። ያን ቀን የጣልኩት ፖስታ ይህን ያህል ዋጋ ነበረው።

ስትጽፉም «ጭሱ በዛብን» ብቻ አትበሉ። ሽታው በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደመጣ፣ ነፋሱ ከየት እንደነበር፣ ከድርጅቱ አጠገብ ትምህርት ቤት ካለ የትኛው እንደሆነ ጻፉ። የድርጅቱን ጭስ የሚለካው መሣሪያ በየስንት ጊዜው ይለካል ብላችሁ ጠይቁ። አጠቃላይ ሮሮ ከመዝገብ ይገባና እዚያው ይቀራል፤ ለተለየ ጥያቄ ግን ስቴቱ በጽሑፍ መመለስ አለበት።

እንግሊዝኛችን አይበቃም የምትሉ አላችሁ። በ2021 የወጣው የኮሎራዶ የአካባቢ ፍትሕ ሕግ፣ ብክለት ያለ አግባብ ለተጫነባቸው ሰፈሮች መግለጫው በቀላል ቋንቋ እንዲጻፍ፣ በሰፈሩ በብዛት በሚነገሩ ቋንቋዎች እንዲተረጎም፣ ስብሰባውም በተለያየ ቀንና ሰዓት እንዲሆን ያዛል። በ2023 ሲሻሻል ደግሞ በእንግሊዝኛ መግባባት የሚቸገሩ ቤተሰቦች የሚበዙበት ሰፈርም በዚያው ሕግ እንዲታይ ተደረገ። ቋንቋችን ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች ውስጥ እንዲገባ ግን የምንጠይቀው እኛ ነን። እስካሁን አለመጠየቃችንን እኔ እንደ ትልቅ ጉድለት አየዋለሁ።

ስለ ውኃ በአጭሩ፦ በግንቦት 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራሉን የውኃ ጥበቃ ሕግ በረግረግ መሬት ላይ ሲያጠብበው፣ ኮሎራዶ በ2024 የራሷን ሕግ አውጥታ እንዲህ ያለውን ቦታ ለመቆፈርና ለመሙላት የራሷን ፈቃድ ጀምራለች። ግንባታ ላይ የተሰማራችሁ፣ ረግረግ ወይም ደረቅ ጅረት ከመሙላታችሁ በፊት ስቴቱን ጠይቁ።

በበሩ አጠገብ ሁለት ጠረጴዛ አዘጋጅተናል። ከስቴቱ የመጣ ያልተከፈተ ፖስታ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ዛሬ አብረን እንከፍተዋለን፤ ቀኑ ያላለፈ ከሆነም ከመውጣታችን በፊት እንጽፋለን።