ኤፒሲ ሲጠፋ በአንጀት የሚለወጠውን በትክክል ስለ መለካት

የተከበራችሁ መምህራን፣ ተመራማሪዎችና ተማሪዎች፤

ኤፒሲ እ.ኤ.አ. በ1991 የተገኘ፣ በአምስተኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ ዕጢ ተከላካይ ጂን ነው። አብዛኛው የትልቁ አንጀት ካንሰር ይህን ጂን ያጣ ነው። አንዱን ቅጂ ተበላሽቶ የወረሰ ሰው አንጀቱ ላይ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠሩ ፖሊፖች (ትናንሽ እብጠቶች) ይወጣሉ።

ጤነኛው ኤፒሲ አክሲን፣ ሲኬ1ና ጂኤስኬ3 ከሚባሉ ፕሮቲኖች ጋር ሆኖ ቤታ ካቴኒን የተባለውን ጂን አስነሺ ፕሮቲን ይይዛል። ሲኬ1 በቤታ ካቴኒን 45ኛው አሚኖ አሲድ፣ ሴሪን፣ ላይ ፎስፌት ያኖራል፤ ጂኤስኬ3 በ41ኛው ትሪዮኒን፣ በ37ኛውና በ33ኛው ሴሪን ላይ ይቀጥላል። ምልክት የተደረገበት ፕሮቲን የሕዋሱ ፕሮቲን ማፍረሻ በሆነው ፕሮቲአሶም ውስጥ ይፈርሳል። ኤፒሲ ከሌለ ቤታ ካቴኒን ይከማቻል፤ ኒውክለስ ገብቶ ከዲኤንኤ ጋር ከሚያያዘው ቲሲኤፍ4 ጋር ይጣመርና ሚክ፣ ኤልጂአር5ና ኢፍቢ2 የሚባሉ ጂኖችን ያስነሳል። አክሲን2ም ይነሳል፤ ራሱ ፍሬን ቢሆንም ያለ ኤፒሲ ማቆም አይችልም። ሕዋሳቱ ወደ ላይ መጓዛቸውንና መብሰላቸውን ትተው ክሪፕቱ (የአንጀቱ ሽፋን ጉድጓድ) ውስጥ ይባዛሉ።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የአይጥ ጥናት እጅግ አስተማሪ ነው። ኤፒሲና ሚክ አብረው ሲጠፉ ቤታ ካቴኒን ኒውክለስ ውስጥ እንዳለ ቢቀርም አብዛኛው ለውጥ አልታየም። ስለዚህ ተለውጠው ከምናያቸው ጂኖች ብዙዎቹ በቀጥታ በቤታ ካቴኒን ሳይሆን በሚክ በኩል የሚነዱ ናቸው።

አሁን የጂኖቹን እንቅስቃሴ በአርኤንኤያቸው ወደ መለካቱ። ትልቁ ስሕተት ሙሉ የአንጀት ቁራጭ ፈጭቶ ማነጻጸር ነው። ክሪፕቱ ስለሚረዝም የግንደ ሕዋስ መሰል ሕዋሳት ድርሻ ያድጋል፤ በየሕዋሱ ምንም ሳይለወጥ ጂኑ «ከፍ ያለ» ይመስላል። ስለዚህ አንጀቱን በቀዝቃዛ ጨዋማ መፍትሔ እጠቡ፤ ኤፒተልየሙን (የውስጥ ሽፋኑን) ካልሲየም በሚይዘው ኬሚካል በኢዲቲኤ በቅዝቃዜ አላቁ፤ ከተቻለም አርኤንኤውን ሕዋስ በሕዋስ አንብቡ። በ70 ማይክሮን ወንፊት ስታጣሩ ግን ተጠንቀቁ፤ ያደገው ክሪፕት ላዩ ላይ ሊቀር ይችላል፤ ያን ጊዜ የምትፈልጉትን ራሱን ጣላችሁ ማለት ነው።

ጂኑን ክሪ በተባለው ዲኤንኤ ቆራጭ ኤንዛይምና እሱን በሚያነቃው መድኃኒት በታሞክሲፈን የምታጠፉ ከሆነ ናሙናውን በጥቂት ቀናት ውስጥ ውሰዱ፤ ከቆየ የቀጥታው ውጤት ከተከታዩ ጋር ይደባለቃል። መነጻጸሪያዎቹም ክሪ ያላቸውና ታሞክሲፈን የተወጉ፣ ኤፒሲያቸው ግን ጤነኛ የሆነ ይሁኑ፤ ክሪም መድኃኒቱም ለብቻቸው ሕዋሱን ይጎዳሉና። የጂኑን መጥፋት በፒሲአር አረጋግጡ፤ ያመለጡ ሕዋሳት ውጤቱን ያደበዝዙታል።

አንድ ልጨምር። ሚክ የራይቦዞም (የሕዋሱ ፕሮቲን ሠሪ) ማምረቻ ጂኖችን እንቅስቃሴ ስለሚጨምር በአንድ ሕዋስ ያለው ጠቅላላ አርኤንኤ ሊጨምር ይችላል። እኩል አርኤንኤ መዝናችሁ ብታነጻጽሩ ይህ ጭማሪ ይሰወራል። ሕዋሳቱን ቁጠሩ፤ ከዚያም አርኤንኤውን ከማውጣታችሁ በፊት መጠኑ የታወቀ የውጭ አርኤንኤ በሕዋስ ቁጥር ልክ ጨምሩ።