ጀሶው ከተፈታ በኋላስ? (ደሴ፣ በሰፈራችን የቅሬ፣ ማለትም የእድር፣ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። አባቶች፣ እናቶች፣ ሸሆቻችን፣ ቄሶቻችን፣ የቅሬያችን ሰብሳቢ፣ እናንተም ከኋላ ቆማችሁ ስልክ የምትነካኩ ጎረምሶች። ስለ አጥንት ትንሽ አውራልን ተብዬ ነው የመጣሁት፣ ጽፌ ነው የያዝኩት፣ ምክንያቱም ሳልጽፍ ካወራሁ እስከ መግሪብ አንላቀቅም።

ስራዬን ታውቁታላችሁ፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ "ያ የሚያሸው ልጅ" የምትሉኝም አላችሁ፣ ይሁን። ወጌሻው ያስራል፣ ዶክተሩ ቀዶ ህክምናውን ይሰራል፣ እኔ ጋ ሰው የሚመጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ ክንዱ አልታጠፍ ጉልበቱ አልዘረጋ ሲል ነው። እና እኔ ካለሁበት ሆኖ ሲታይ ሰውን ከስራ የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ከስብራቱ በኋላ ባሉት ሰዓቶችና ወራት የሚሆነው ነገር ነው፣ ስብራቱማ ይድናል። ዛሬ የማወራው ይሄንኑ ነው።

አጥንት ጀሊሉ የሰራው ነገር ስለሆነ ራሱን በራሱ ይጠግናል። የእጅ አጥንት በአብዛኛው ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ የእግር ረጃጅም አጥንቶች 3 ወርና ከዛ በላይ ይፈጃሉ፣ የልጅ ቶሎ ይይዛል። የሀኪሙም የወጌሻውም ስራ ቦታው ላይ መልሶ ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው፣ ለዛ ነው ወጌሻ ጋ ሄዶ የዳነ ሰው የሞላን። ወጌሾችን ልወቅስ አልመጣሁም፣ እዚህም የተቀመጡ አሉ፣ እኩለ ሌሊት ቀስቅሳችኋቸው ሳያጉረመርሙ የሚነሱ ሰዎች ናቸው፣ ክብራቸው እንዳለ ነው።

ግን አንድ ነገር ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ የጠፋ እጅ አይመለስም። ልጅ ከዛፍ ይወድቃል፣ የሾላ ጊዜ ሲሆን ታውቁታላችሁ፣ ክርኑ ያብጣል። ከ5 እስከ 7 ዓመት አካባቢ ባሉ ልጆች ከክርን ትንሽ ከፍ ብሎ የሚሰበረው በጣም የተለመደ ነው፣ ክፋቱ ዋናው የደም ስርና ነርቮቹ እዛው አጠገብ ነው የሚያልፉት። ወጌሻው ቀርከሃውን ደርድሮ ጥብቅ አድርጎ ያስራል፣ የጠበቀ ነገር ጥሩ ይመስለናላ። ያ እጅ ግን ገና ሊያብጥ ነው፣ ማሰሪያው ደግሞ አይለጠጥም፣ ውስጥ ለውስጥ ግፊቱ ይጨምርና ደም መግባት ያቆማል፣ ጡንቻ ደግሞ ያለ ደም የሚቆየው 6 ሰዓት ገደማ ነው፣ ከዛ መሞት ይጀምራል። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል፣ ስብራት አይደል ያማል እንጂ ይባላል፣ ጠዋት ዝም ሲል "አልሃምዱሊላህ ተሻለው" ይባላል። ኧረ አልተሻለውም! ነርቩ ደንዝዞ ነው። በስራዬ እንደዚህ ቃል የሚያናድደኝ የለም።

ከዛ በኋላ ያለው ወይ እጁ ጠቁሮ ጋንግሪን ይሆንና ይቆረጣል፣ ወይ ይተርፍና ጣቶቹ ወደ ውስጥ ተቆልምመው ይቀራሉ፣ ያኔ እኔ ጋ ቢመጣ የማደርግለት ትንሽ ነው። ይሄ የወሎ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ቮልክማን የሚባል ጀርመናዊ ሀኪም እ.ኤ.አ. በ1881 ስለዚሁ መቆልመም ጽፏል፣ በጠበቀ ፋሻ ሰበብ የሚመጣ ነው ብሎ። ስለዚህ ሆስፒታል የተደረገ ጀሶም ያው ነው፣ ሀኪም ስላደረገው ብቻ እጅ ማበጡን አይተውም።

እና እናቶች ስሙኝ፣ ማሰሪያ ወይ ጀሶ የተደረገለትን ልጅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ጣቶቹን እያያችሁ እደሩ። ጣቱን ቀስ ብላችሁ ስትዘረጉለት ከጮኸ፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ ወይ ከጠቆረ፣ ከደነዘዘው፣ ማስታገሻ ወስዶ ህመሙ እየባሰ ከሄደ፣ የቀርከሃውን ማሰሪያ እዛው ፍቱት፣ ወጌሻው ይቆጣል ካላችሁ ይቆጣ፣ እኔ አስታርቃችኋለሁ። ጀሶ ከሆነ በዛው ሌሊት ባጃጅ ጠርታችሁ ሆስፒታል ውሰዱት፣ ይሰነጠቅለታል። ደግሞ የደም ስሩ እየመታ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፣ ውስጡ እየሞተ ላዩ ሊመታ ይችላል።

ለወጌሾቻችንም አንድ ነገር አለኝ። እዚሁ ሀገራችን ውስጥ ወጌሾች የአንድ ቀን ትምህርት ተሰጥቷቸው ጋንግሪን የሚመጣበት ሰው እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2005 በህክምና መጽሔት ታትሟል። አንድ ቀን! ለሰርግ ሦስት ቀን የምንቀመጥ ሰዎች ነን። ሌላው፣ የተጎዳ ክርን በቅቤ አይታሽ፣ ሲታሽ ጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊሰራና ክርኑ እዛው ላይ ሊደርቅ ይችላል። እኔ ራሴ ክርንን በጉልበት አልስበውም፣ ልጁ ራሱ እየተጫወተ ነው የሚመልሰው።

ወደ ባጃጁና ወደ አይሱዙው ልምጣ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ የሚጋጭ፣ ሞተር ላይ ሦስት ሆኖ የሚገለበጥ፣ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ የወጣ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ቡና አይነስነስበት፣ ቅጠል አይደረግበት፣ ንጹህ ጨርቅ ሸፍናችሁ እግሩ እንዳይንቀሳቀስ ደግፋችሁ ወዲያው ሆስፒታል፣ አንቲባዮቲኩ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ነው ጥቅሙ፣ ቁስሉም ማደንዘዣ ተሰጥቶ በደንብ መታጠብ አለበት። ያ ካልሆነ መግሉ አጥንት ውስጥ ይገባል። አጥንት ውስጥ የገባ መግል ማለት ደርቋል ስትሉ ከዓመት በኋላ ሌላ ቀዳዳ አውጥቶ የሚፈስ፣ የሞተውን አጥንት በቀዶ ህክምና ካላወጡለት በክኒን ብቻ የማይነቀል፣ ሰውን ከትዳሩም ከገበያውም የሚያርቅ ነገር ነው። የባጃጅ ሾፌሮች እዚህ ስላላችሁ ነው ደጋግሜ የምለው፣ የተጎዳውን ሰው መጀመሪያ የምታነሱት እናንተ ናችሁ።

የጭን አጥንት ሲሰበር ድሮ ክብደት ተንጠልጥሎበት ሳምንታት አልጋ ላይ መተኛት ነበር፣ አሁንም ያለበት አለ። ጀርባ ይቆስላል፣ ሳንባ ይታመማል፣ እግር ውስጥ ደም ይረጋል። አሁን አጥንቱ መሃል ብረት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዚርክል የሚባል አሜሪካዊ የአጥንት ሀኪም ሳይን የሚባል ድርጅት አቋቁሞ፣ ቀዶ ህክምና ክፍል ውስጥ የኤክስሬይ ማሽን ሳይኖር የሚገባ ብረት እንደኛ ላሉ ሀገሮች እየሰጠ ነው፣ ኢትዮጵያም ገብቷል፣ ብዙ ሰው በዛ ቆሞ ሄዷል። ብረት ሲባል ግን ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል። አንዱ "ብረት አለኝ እኮ" ብሎ ሀኪሙ ሳይፈቅድለት ጆንያ ይሸከማል፣ አጥንቱ ሳይይዝ ብረት ብቻውን ሲሸከም ከወራት በኋላ ይደክምና ይሰበራል። ሌላው ፈርቶ እግሩን ጭራሽ አያስነካም፣ ጉልበቱ ይደርቃል። ሲጋራም ተዉ፣ ኒኮቲን አጥንት እንዳይገጥም ያዘገያል፣ ጫቱ ላይ የሚጨሰውም ይቆጠራል፣ አትሳቁ። ብረቱ መቼ ይወጣል ለሚለው፣ አዋቂ ሰው ላይ ችግር ካልፈጠረ እዛው መኖር ይችላል፣ ዝገት ምናምን የሚባለውን አትስሙ።

እናቶቻችን ክረምት ላይ ጭቃ አንሸራቷቸው ዳሌያቸው ይሰበራል። "አርጅታለች ትረፍ" ብሎ አልጋ ላይ መተው እረፍት አይደለም፣ አልጋው ራሱ ነው የሚገድላቸው። መገጣጠሚያው በሰው ሰራሽ የተቀየረላት እናት ደግሞ ስትመለስ የቤተሰቡ ፈተና ይጀምራል፣ ምክንያቱም ያ ዳሌ በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በጣም ሲታጠፍ ሊወልቅ ይችላል፣ የኛ ኑሮ ደግሞ ሁሉም ዝቅ ያለ ነው፣ ጀበናው ፊት በርጩማ፣ ሽንት ቤቱ ቁጢጥ፣ ሶላቱ ሱጁድ፣ ጸሎቱ ስግደት። ሸሆቻችንና ቄሶቻችን ይሄን እናንተ ብትናገሩት ይሻላል፣ ለታመመ ሰው ወንበር ላይ ሆኖ መስገድ እንደሚፈቀድ ከኔ ሲሰሙት ሃይማኖት የማቀል ነው የሚመስላቸው። ሽንት ቤቱ ላይ ደግሞ መሃሉ የተቀደደ ወንበር ማንም አናጢ ይሰራዋል። እግሯ ባቱ ላይ ካበጠ ወይ ድንገት ትንፋሽ ካጠራት የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል ያኔውኑ ሆስፒታል።

ወገብ። ይሄ ክፍል ውስጥ ወገቤን ያላለ ሰው የለም። ኤምአርአይ ተነስታችሁ "ዲስክ ወጥቷል" የሚል ወረቀት ይዛችሁ ስትመጡ ፊታችሁ ተለውጦ ነው፣ አብሽሩ። ዲስክ ማለት በአከርካሪ አጥንቶቹ መሃል እንደ ትራስ ያለው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር ምንም ህመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶው፣ ከ80 ዓመት ሰዎች ደግሞ 96 በመቶው ዲስካቸው ያረጀ ምልክት አለው ይላል። ወደ እግር የሚወርደው የዲስክ ህመምም አብዛኛው ያለ ቀዶ ህክምና በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል፣ ዝም ብሎ ከመተኛት መንቀሳቀስ ነው የሚያድነው። ቀዶ ህክምናው የሚረዳው በተለይ እግር ላይ ያለውን ህመም ነው፣ የወገቡን ህመም ያን ያህል አያጠፋም፣ ይሄን ሳይነገራቸው ገብተው "ተሰርቼ አልዳንኩም" የሚሉ ብዙ ናቸው፣ ቀዶውም ጥሩ ነበር፣ የጠበቁት ነገር ነው ሌላ የነበረው። ግን ሽንት አልወጣ ካለ፣ መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግር እየከዳ ከሄደ ያ ድንገተኛ ነው፣ ለነገ አይባልም።

ደግሞ ለወራት የቆየ፣ ሌሊት ላብ የሚያጠምቅ፣ ሰውን እያከሳ የሚሄድ የጀርባ ህመም፣ ጀርባ ላይ አጥንት እየቆመ ከመጣ፣ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ቲቢ ሳንባ ብቻ አይደለም የሚይዘው። ይሄ ሰው አይታሽ፣ አይረገጥ፣ አይጎተት፣ አከርካሪው ከተሰበረ እግሩ ሽባ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ በነጻ ነው፣ እስከ 12 ወር የሚወሰድ ነው፣ ሰዉ ሁለት ወር ወስዶ ሲሻለው ይተዋል፣ ችግሩ እዛ ነው። በጊዜ የተያዘ ይድናል፣ ጉብጠቱ ግን ከመጣ በኋላ በመድኃኒት አይቀናም።

እግራቸው ተቆልምሞ ለሚወለዱ ልጆችም እንደዛው ነው፣ ፖንሴቲ የሚባል ሀኪም ባመጣው መንገድ በየሳምንቱ በሚቀየር ጀሶ ይቀናል፣ ከዛ ግን ጫማው 3 ወር ቀን ከሌት፣ ቀጥሎ እስከ 4 ዓመት ሲተኛ ይደረጋል። እግሩ ቀና ብሎ ጫማውን የጣለ ቤተሰብ እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

አሁን ወደ ቅሬያችን ልመለስና ልጨርስ። ቅሬው ድንኳን አለው፣ ብረት ድስት አለው፣ ወንበር አለው፣ ሁሉም ሰው ሲሞት የሚወጣ ነው። ክራንች ግን የለውም። እግሩ የተሰበረ ሰው ክራንች አጥቶ የጎረቤት ዱላ ይዞ ሲሄድ ይወድቃል፣ ወይ ጭራሽ ከቤት አይወጣም። እኔ የምጠይቀው ከዘንድሮ መዋጮ ላይ ጥቂት ክራንች በተለያየ ቁመት፣ ለእናቶች ሁለት ዎከር፣ ያ በሁለት እጅ ተደግፈው የሚሄዱበት ባለ አራት እግር ብረት፣ አንድ ተሽከርካሪ ወንበርና ያን የሽንት ቤት ወንበር እንግዛ፣ እንደ ድስቱ በደብተር እየተፈረመ ይውጣ ይመለስ። እግር የተቆረጠ ካለ ደግሞ ሰው ሰራሽ እግር እዚሁ ደሴ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ፣ አዲስ አበባ ድረስ ሳትንከራተቱ መጀመሪያ እዛ ጠይቁ። ክራንቹ በእያንዳንዱ ሰው ቁመት እንዲስተካከል ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እቃ ቤቱ ጋ እገኛለሁ፣ ወጌሾቻችንም የዛን ቀን ብትመጡ ስለ ማሰሪያው እያሰርን እየፈታን እናያለን። ሰብሳቢያችን፣ እቃውን የሚይዝ ሰው ዛሬ ይመረጥ ወይስ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይደር?